ፒፒፒ አንድ ነገር ነው ወይስ አምስት?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ጋሼ፣ ክፍል ውስጥ ፒፒፒ ማለት የመግዛት አቅምን ማነጻጸሪያ ነው ብለው አስተማሩን። ማታ ዜና ላይ መንገድ በፒፒፒ ሊሠራ ነው ይላሉ። ቨርጂኒያ ያለው አጎቴ በኮቪድ ጊዜ ፒፒፒ ወስጄ ነበር ይላል። የቤታችን ራውተር ላይም ፒፒፒ የሚል ነገር አለ። ፋርማሲ የምታጠናውን እህቴን ብጠይቃት ደግሞ እሱማ የባዮኬሚስትሪ ነው አለችኝ። ማን ነው የተሳሳተው? በአማርኛ ስጽፈውስ ምን ልበለው?»

ማንም አልተሳሳተም። መምህርሽም፣ ዜና አንባቢውም፣ አጎትሽም፣ እህትሽም ልክ ናቸው። ራውተሩም ልክ ነው። አምስቱ ነገሮች ግን አይተዋወቁም። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ሦስቱም ቃላቸው በአንድ ፊደል ስለሚጀምር ብቻ ነው ሞክሼ የሆኑት።

እኔ ሥራዬ የሙያ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ መመለስና ማረም ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼበታለሁ። ፒፒፒ ብዙ ጊዜ አድክሞኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ ለምን እኛ ላይ እንደሚብስ ልንገርሽ። የእኛም ቋንቋ ምኅጻረ ቃል አለው። ት/ቤት እንላለን፣ ወ/ሮ እንላለን፣ ም/ቤት እንላለን። ልብ ብለሽ ካየሽው ግን የእኛ አጻጻፍ አንድ ደግ ነገር አለው። መጀመሪያውን ይቆርጥና መጨረሻውን ይተውልሻል። «ቤት» የሚለው ሙሉውን ስላለ አንባቢው ቀሪውን ራሱ ይሞላል። ያም ሆኖ እንሳሳታለን። ም/ቤት ላይ ያለችው «ም» ምክር ናት። ም/ከንቲባ ላይ ያለችው ምክትል ናት። ም/ጎጃም ሲባልማ ምሥራቅ ይሁን ምዕራብ አይታወቅም። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ጸሐፊዎች ምሥ/ጎጃም፣ ምዕ/ጎጃም እያሉ አንድ ፊደል የሚጨምሩት።

ከእንግሊዝኛ የመጣው ፒፒፒ ግን ምንም የተወልሽ ነገር የለም። የሦስት ፊደላት ስም ብቻ ነው። በዚያ ላይ የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ትልቁና ትንሹ ፊደል አንዳንዴ ፍንጭ ይሰጣል። ወደ እኛ ፊደል ሲገባ ያ ፍንጭም ይጠፋል። አንባቢው እጅ ላይ የሚቀረው ድምፁ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መምህርሽ ፒፒፒ እንሂድ። ከሁሉም ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው የእሱ መደበላለቅ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለት አገር ገቢ ማነጻጸር ትፈልጊያለሽ። አንዱ በብር ነው፣ ሌላው በዶላር። ቀላሉ መንገድ በባንክ ምንዛሪ ማባዛትና ማካፈል ነው። ግን ምንዛሪ የሚወሰነው ድንበር በሚሻገረው ገንዘብና ዕቃ ነው። ቡና ስንሸጥ፣ ነዳጅ ስንገዛ፣ ዘመድ ገንዘብ ሲልክ፣ ብድር ሲከፈል። ጸጉር ቤት የምትከፍይው ብር ድንበር አይሻገርም። የቤት ኪራይም፣ የታክሲ ሒሳብም፣ የአስጠኚ ክፍያም እንደዚያው። እነዚህ ነገሮች በድሃ አገር ርካሽ ናቸው፤ ምክንያቱም የሠራተኛው ክፍያ ዝቅተኛ ነው። ቤላ ባላሳና ፖል ሳሙኤልሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ይህንን ለየብቻቸው እ.ኤ.አ. በ1964 አስረድተውታል። በባንክ ምንዛሪ ብቻ ከለካሽ የድሃው አገር ሰው ከሆነውም በላይ ድሃ ሆኖ ይታያል።

መፍትሔው ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት ነው። ለምሳሌ ያህል ቁጥር ልፍጠር። አዲስ አበባ ላይ በ1,000 ብር የሚሞላ ዘንቢል አሜሪካ ውስጥ 25 ዶላር ፈጀ እንበል። እንግዲህ በገበያው ዓይን 40 ብር አንድ ዶላር ነው ማለት ነው። ባንክ ግን ዶላሩን በ120 ብር ይሸጣል እንበል። በወር 12,000 ብር የሚያገኝ ሰው በባንክ ሲለካ 100 ዶላር አለው። በዘንቢሉ ሲለካ 300 ነው። ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው። የሚመልሱት ጥያቄ ነው የሚለያየው። የመጀመሪያው «ይህ ሰው ውጭ አገር ምን ያህል መግዛት ይችላል?» የሚለውን ይመልሳል። ሁለተኛው «እዚሁ ሰፈሩ ምን ያህል ይኖራል?» የሚለውን።

«የመግዛት አቅም እኩልነት» የሚለውን ስም የሰጠው ጉስታቭ ካሰል የተባለ ስዊድናዊ ኢኮኖሚስት ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1918። ያኔ የአውሮፓ ገንዘቦች ተዘበራርቀው ስለነበር ትክክለኛውን ምንዛሪ በዋጋ በኩል መፈለጉ ነበር። ዘንቢሉን በየአገሩ ይዞ የመዞር ትልቁ ሥራ ግን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ዓለም አቀፍ የንጽጽር ፕሮግራም ይባላል። አሁን የሚያስተባብረው የዓለም ባንክ ሲሆን የአፍሪካውን ዙር የአፍሪካ ልማት ባንክ ይመራዋል። የ2021ዱ ዙር ውጤት በ2024 ወጥቷል፤ 176 ኢኮኖሚዎች ገብተውበታል።

ሥራው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። እኛ ጤፍ እንበላለን፤ ፊሊፒንስ ሩዝ ይበላል። ዘንቢሉ ውስጥ ምን ይግባ? ጤፍን ማኒላ ላይ ፈልገሽ ዋጋ ልታወጪለት አትችዪም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ መጀመሪያ በየአህጉሩ ተቀራራቢ አገሮችን ያነጻጽራሉ። ከዚያ አህጉራቱን በጋራ ዕቃዎች ያያይዛሉ። ዘ ኢኮኖሚስት የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በማክዶናልድ ሳንድዊች ዋጋ የሚሠራት የንጽጽር ሰንጠረዥ አለችው። ነገሩን ለማስተማር ጥሩ ናት። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ማክዶናልድ የለም፤ ስለዚህ የእኛን ኑሮ በሷ መለካት አይቻልም።

አሁን ስህተቱ የሚገባበትን በር ላሳይሽ። በዚህ መንገድ የሚወጣው ቁጥር የሚጻፈው «ዓለም አቀፍ ዶላር» በሚባል መለኪያ ነው። የትኛውም ባንክ መስኮት ላይ አይገኝም። ለማነጻጸር ብቻ የተፈጠረ ነው። ዜና ላይ ግን «ዓለም አቀፍ» የሚለው ቃል ይቆረጥና «ዶላር» ብቻ ይቀራል። የኢትዮጵያ የነፍስ ወከፍ ገቢ በዚህ መለኪያ ሲጻፍ በባንክ ምንዛሪ ከሚጻፈው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። አንዱ ጋዜጣ ትልቁን ይጽፋል፣ ሌላው ትንሹን። ሕዝቡ ደግሞ አንዱ ዋሽቷል ብሎ ይጣላል። ማንም አልዋሸም፤ የመለኪያው ስም ነው የጠፋው።

የድህነት ወለሉም ላይ ያው ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የከፋ ድህነትን ወለል በቀን ሦስት ዶላር አድርጎታል። ከዚያ በፊት 2.15 ነበር፤ ከዚያም በፊት 1.90። ብዙ ሰው ይህንን ሲሰማ ካልኩሌተር አውጥቶ በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ያባዛል። አይባዛም። ሦስቱ ዶላር የዘንቢሉ ዶላር ነው፤ የ2021 ዋጋ ላይ ቆሞ የተሰላ። በብር ሲመለስ በባንክ ምንዛሪ ከሚወጣው በጣም ያነሰ ነው። በባንክ ምንዛሪ ያባዛ ሰው ድሃ ያልሆነውንም ድሃ ብሎ ይቆጥራል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሺ። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በባንክ ምንዛሪ ስትለኪው ኢኮኖሚያችን በዶላር ቁልቁል ወረደ። ግን የአንድ የአርሲ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ያለው ስንዴ በዚያ ሳምንት አንድ ኪሎ አልቀነሰም። የዘንቢሉ መለኪያ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ምንዛሪ በአንድ ቀን ሲዘል እሱ አብሮ አይዘልም። የሚንቀሳቀሰው የገበያ ዋጋ ሲንቀሳቀስ ነው። ዋጋው በኋላ ከወጣ እሱም ይከተላል።

ይህ ማለት ግን የዘንቢሉ ቁጥር ለሁሉም ነገር ይሠራል ማለት አይደለም። ማዳበሪያ፣ መድኃኒት፣ ላፕቶፕ የሚገዛው በባንክ ዶላር ነው። የውጭ ዕዳም የሚከፈለው በባንክ ዶላር ነው። አበዳሪ «ኑሮ እናንተ ጋ ርካሽ ነው» ብሎ ሒሳብ አይቀንስልሽም። ኑሮን ስታነጻጽሪ ዘንቢሉን ያዢ። ዕዳንና የውጭ ግዢን ስታሰሊ ባንኩን።

ከዚህ ወደ ዜናው ፒፒፒ እንለፍ። እሱ የመንግሥትና የግል አጋርነት ነው። እኛ አገር ሕግ ወጥቶለታል፤ አዋጅ ቁጥር 1076/2010። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። መንግሥት መንገድ ወይም ኃይል ማመንጫ ይፈልጋል፤ ገንዘብ አጥሮታል። የግል ድርጅት ገንዘቡን አምጥቶ ይገነባል፣ ለዓመታት ያስተዳድራል፣ ከተጠቃሚው ወይም ከመንግሥት ክፍያ ይሰበስባል፣ በመጨረሻ ያስረክባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጥራ። ክፍያ ያለበት መንገድ ሁሉ ፒፒፒ አይደለም። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ትከፍያለሽ። ግን የተሠራው መንግሥት ከቻይና ተበድሮ ነው፤ የሚያስተዳድረውም የመንግሥት ድርጅት ነው። ለይተሽ ማወቅ ከፈለግሽ ስለ ክፍያው አትጠይቂ። «ተጠቃሚው ቢያንስ ኪሳራው የማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ኪሳራው በሙሉ የመንግሥት ከሆነ ስሙ ብቻ ነው አጋርነት።

ስሙ አዲስ ይመስላል እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር ፈቃድ ሰጡ። ዘመኑ 99 ዓመት ነበር። የግል ኩባንያ ገንዘብ ፈልጎ ይሥራ፣ ከመንገደኛውና ከጭነቱ ያግኝ የሚል ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነው። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፤ በ1908 ፈቃዱ በሌላ ኩባንያ ስም ታደሰ፤ አዲስ አበባ የተገባው በ1917 ነው። ዛሬ አጋርነትን የሚያስተምሩ ሰዎች የሚያነሷቸው ጭንቀቶች በሙሉ እዚያ ውስጥ አሉ። ገንዘብ ቢያጥርስ? ኩባንያው ቢወድቅ ማን ይረከባል? ከበስተጀርባ ያለው የውጭ መንግሥት ምን ይፈልጋል?

እኔ የወደቅኩበትን ጉድጓድም ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ስለ ኃይል ማመንጫ የሚናገር ሰነድ ለመተርጎም ተሰጠኝ። ፒፒፒ በየገጹ ነበር። መጀመሪያ የወጣበት ቦታ ስለ ኑሮ ደረጃ ስለነበር የመግዛት አቅም እኩልነት አልኩት። ከዚያ ኮምፒውተሩን በሰነዱ ሙሉ እንዲተካው አዘዝኩት። ከአምስተኛው ገጽ በኋላ ያለው ግን በሙሉ አጋርነት ነበር። «ግንባታው በመግዛት አቅም እኩልነት ይከናወናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይዤ ስብሰባ ገባሁ። ቢሮው በኃላፊነት ያስቀመጣቸው ሰዎች ግማሽ ቀን ያህል ምን ማለት እንደሆነ ሲከራከሩ ዋሉ። ከመካከላቸው አንዱ ለዚህ የተለየ የክፍያ ስሌት አለ ብሎ አምኖ ነበር። ያን ቀን የተሰማኝ ኀፍረት እስካሁን አለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ ምኅጻረ ቃልን በጅምላ ተክቼ አላውቅም። እያንዳንዱን ቦታ ሄጄ አነባለሁ።

ለነገሩ እነዚህ ሁለቱ አንዳንዴ በአንድ ጉዳይ ላይ በእውነት ይገናኛሉ። የውጭ ባለሀብት መጥቶ ኃይል ማመንጫ ይሠራል። የሚሰበስበው ብር ነው። የተበደረው ዶላር ነው። አንድ ቤተሰብ ለመብራት የሚከፍለው ብር በዘንቢሉ መለኪያ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ኑሮው ላይ ይከብደዋል። ባንክ ሲመነዘር ደግሞ ትንሽ ነው፤ ለአበዳሪው አይበቃም። ብዙ የአጋርነት ድርድር የሚንገታገተው እዚህ ነጥብ ላይ ነው። የብር ዋጋ ቢወርድ ልዩነቱን ማን ይሸከም? እንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ ሁለቱንም ፒፒፒ ብሎ መጻፍ አንባቢን ጭለማ ውስጥ መተው ነው።

የአጎትሽ ፒፒፒ ደግሞ የአሜሪካ ነው። የደሞዝ ክፍያ ጥበቃ ፕሮግራም ልትዪው ትችያለሽ። ኮቪድ ሲገባ እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 2020 በተፈረመው ሕግ ነው የተቋቋመው። ትናንሽ ድርጅቶች ሠራተኛ እንዳይበትኑ በባንኮች በኩል ብድር ተሰጠ፤ ዋስትናው የመንግሥት ነው። የመጀመሪያው 349 ቢሊዮን ዶላር በ13 ቀን አለቀ። እስከ ግንቦት 2021 በጠቅላላው 800 ቢሊዮን ገደማ ተሰጠ። የብድሩ ልክ የወርኃዊ ደሞዝ ክፍያ ሁለት ተኩል እጥፍ ነበር። ቢያንስ 60 በመቶው ለደሞዝ ከዋለ ዕዳው ይሰረዛል። ዕዳው በራሱ ግን አይሰረዝም፤ ማመልከቻ ያስፈልጋል።

ዋሽንግተንና አካባቢው ያሉ ወገኖቻችን ይህን ቃል የሚያውቁት ብዙዎቹ ታክሲና የመተግበሪያ መኪና ስለሚነዱ፣ ምግብ ቤትና ሱቅ ስላላቸው ነው። ሠራተኛ የሌለው፣ ለራሱ የሚሠራ ሰውም ማመልከት ይችል ነበር። ለእንዲህ ያለው ሰው የአንድ ዙር ጣሪያው 20,833 ዶላር ነበር። ለአጎትሽ አንድ መልእክት ብታደርሺልኝ ደስ ይለኛል። ዕዳው ተሰርዞለት ቢሆንም ወረቀቶቹን አይጣል። መርማሪዎች ማጭበርበርን ተከታትለው መክሰስ የሚችሉበት ጊዜ በ2022 ወደ አሥር ዓመት ከፍ ብሏል። በትክክል የወሰደ ሰው የሚያስፈራው ነገር የለም። ሲጠየቅ የሚያሳየው ወረቀት ግን ይኑረው።

ራውተሩ ላይ ያለው ምንም ከገንዘብ ጋር አይገናኝም። ሁለት መሣሪያዎች በአንድ መስመር ሲገናኙ የሚነጋገሩበት ደንብ ነው። ከነጥብ ወደ ነጥብ ፕሮቶኮል ነው ትርጉሙ። ዛሬም የሚሠራበት ደንብ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1994 ወጣ። በስልክ መስመር እየጮኸ ይገናኝ የነበረው ሞደም ትዝ የሚለው ሰው በዚህ ተጠቅሟል። ሁለቱ ጫፎች መጀመሪያ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ከዚያ አንደኛው «ማን ነህ?» ይላል፤ ሌላው ስምና የይለፍ ቃል ይሰጣል። ከዚያ አድራሻ ይቀበላል፤ ኢንተርኔቱ ይከፈታል።

ያንቺ ራውተር ላይ ምናልባት መጨረሻው ላይ «ኦኢ» የሚል ተጨምሮበት ይሆናል፤ ፒፒፒኦኢ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1999 የመጣ ነው። የዛሬው የኬብል መረብ በራሱ ማን ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ቴሌኮም ድርጅት ግን ማን እንደከፈለ ማወቅ አለበት። ስለዚህ የድሮውን ስምና ቃል የሚጠይቅ ደንብ በአዲሱ መረብ ላይ ጠቀለሉት። መጠቅለያው 8 ባይት ይወስዳል። አንድ ጥቅል 1,500 ባይት መያዝ ሲችል የሚቀረው 1,492 የሚሆነው ለዚህ ነው። ይህ ቁጥር በስህተት ከተሞላ አንዳንድ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ደግሞ እየዞረ ይቀራል። ሰው ሲቸገር ያየሁት ግን በሌላ ነገር ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከራውተሩ ኋላ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ይጫናሉ። ያኔ የተሞላው ስምና የይለፍ ቃል ይጠፋል፤ ቴክኒሻን እስኪመጣ መጠበቅ ይሆናል። አስቀድመሽ ሁለቱንም ደብተርሽ ላይ ገልብጪያቸው።

ወደ እህትሽ እንምጣ። ልቤን ከሁሉም የሚነካው የእሷ ፒፒፒ ነው። ፔንቶስ ፎስፌት መንገድ ይባላል። ሕዋስ ስኳርን ሲጠቀም ሁሉንም ጉልበት ለማግኘት አያቃጥለውም። የተወሰነውን በዚህ የጎን መንገድ ይልከዋል። ከዚህ መንገድ ሁለት ነገር ያገኛል። አንዱ የዘር ቅንጣትን (ዲኤንኤን) ለመሥራት የሚሆን ባለ አምስት ካርቦን ስኳር ነው። ሌላው ሕዋሱን እንደ ዝገት ከሚበላው ኬሚካል የሚጠብቅ ንጥረ ነገር ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ለዚህ ጥበቃ ሌላ መንገድ የለውም። ያለው ይህ ብቻ ነው።

የመንገዱን የመጀመሪያ በር የሚከፍት ኢንዛይም አለ፤ ጂ6ፒዲ ይሉታል። ይህ ኢንዛይም በዓለም ላይ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ላይ የደከመ ነው። በዘር ይወረሳል፤ ባብዛኛው የሚታየው ወንዶች ላይ ነው። አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምንም አይሰማቸውም። አንዳንድ መድኃኒት ሲወስዱ ግን ቀይ የደም ሕዋሳቸው ይፈርሳል። ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፤ ሽንታቸው ይጠቁራል። ባቄላም፣ በተለይ እሸቱ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ይህንኑ ያደርጋል።

ለእኛ ይህ የመማሪያ ክፍል ወሬ ብቻ አይደለም። አገራችን ውስጥ ከሚገኙት የወባ ዓይነቶች አንዱ ቫይቫክስ ነው። ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል። እሱን ከጉበት ነቅሎ ለማጥፋት ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው መድኃኒት ፕሪማኩዊን ነው። ይህ መድኃኒት የአንዳንድ ሰዎችን ደም ለምን እንደሚያፈርስ ሲመረመር ነው የኢንዛይሙ ድካም የታወቀው፤ እ.ኤ.አ. በ1956። እህትሽ ነገ ፋርማሲ መስኮት ላይ ስትቆም ይህ ነገር ከፊቷ ይመጣል። ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስዶ ሽንቱ የጠቆረበት ሰው ካለ ለሐኪሙ ይንገር። እሷም ትጠይቅ።

ሌሎችም አሉ፤ በፍጥነት ልለፋቸው። የመሬት ቀያሽ ከሆነ ሰው ጋር ካወራሽ ፒፒፒ ማለት በአንድ መቀበያ ብቻ፣ ከሳተላይት፣ ያሉበትን ነጥብ እስከ ሴንቲሜትር ድረስ ለይቶ የማግኘት ዘዴ ነው። መሣሪያውን አስቀምጦ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ መጠበቅ ይጠይቃል። አቅራቢያው ላይ ሌላ ማነጻጸሪያ ጣቢያ በሌለበት ገጠር ጠቃሚ ነው። የአካባቢ ሕግ ባለሙያ ደግሞ «የበከለ ይክፈል» የሚለውን መርህ ማለቱ ሊሆን ይችላል። የፓኪስታን ዜና ላይ ካየሽው የፖለቲካ ፓርቲ ነው።

እንዴት ትለያቸዋለሽ? እኔ ፒፒፒን ራሱን አላየውም፤ ጎኑ የቆመውን ቃል ነው የማየው። ከፊቱ ቁጥር ካለና ዶላር ከተከተለው፣ ወይም «ነፍስ ወከፍ» የሚል በአጠገቡ ካለ፣ ዘንቢሉ ነው። «በፒፒፒ ይገነባል»፣ «ውል»፣ «ርክክብ» ካለ አጋርነት ነው። «ወሰድኩ»፣ «ተሰረዘልኝ» ካለ የአጎትሽ ነው። «የይለፍ ቃል» ካለ ራውተሩ ነው። «ግሉኮስ» ካለ እህትሽን ጥሪ። ቁጥርና ዶላር ብቻውን ግን አይበቃም፤ የአጋርነት ፕሮጀክትም በዶላር ይጻፋል። እንዲህ ሲሆን አንድ አንቀጽ ወደ ኋላ ተመልሰሽ አንብቢ።

በአማርኛ ምን ልበለው ላልሽው፣ የክፍል ሥራሽ ላይ መጀመሪያ ሲመጣ «የመግዛት አቅም እኩልነት» ብለሽ ጻፊ። አንዳንዱ «የመሸመት አቅም» ይላል፤ እሱም ያስኬዳል፣ ብቻ አንዱን መርጠሽ እስከ መጨረሻው ያዢው። አጋርነቱን አዋጁ ባወጣለት ስም ጥሪው። የደሞዙን ፕሮግራም ስትጽፊ «የአሜሪካ» የሚለውን ቃል ከፊቱ አትርሺ። የራውተሩን ግን ፒፒፒኦኢ ብለሽ እንዳለ ተዪው፤ ቴክኒሻኑም መሣሪያውም የሚያውቁት በዚህ ስም ነው። መምህርሽ በምኅጻረ ቃል ጻፉ ካሉ ደግሞ ሙሉውን አንድ ጊዜ አስቀድመሽ፣ ከዚያ ወዲያ ፒፒፒ በዪ። በዘንቢሉ የተለካውን «ዶላር» በምትዪበት ቦታ ሁሉ ግን «ዓለም አቀፍ» የምትለዋን ቃል አትቁረጫት።